ይርጋ ለባዕድ ነው ላሉኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሁለት ዓመት ከስድስት ቀን ለፈጀው መስተንግዶዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለመላ አካልዎም በተለይ ለቀኝ እጅዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ጋዜጣው በማተሚያ ፊደል ስለሚያወጣው ለአንባቢ አይታወቅም፤ ለመዝገብ ቤትዎ ያስገባሁት ዋናው ግን ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል፣ ጸሐፊዎ ስታነብልዎ ብትደናቀፍ ጥፋቱ የእኔ ነውና እንዳይቆጧት በትሕትና እጠይቃለሁ።

በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ በእርስዎ አስተዳደር ሥር ባለው ባለ አምስት ፎቅ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቻለሁ። ለልጅዎ ምረቃ የለበሱትን ግራጫ ሙሉ ልብስ የሰፋሁልዎ፣ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ የሱሪውን ወገብ የለቀቅሁልዎ እኔው ነኝ። ስለዚህም ጽሕፈት ቤቱ በእርስዎ አመራር ምን ያህል እየሰፋ እንደሄደ በሴንቲሜትር ከሚያውቁት ጥቂት ዜጎች አንዷ ነኝ ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ይህን ያህል ከተዋወቅን፣ የተደረገልኝን ሁሉ በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ መዝገብ አያያዝዎ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ያለው የደረጃ መደገፊያ ብረት፣ እግሩ ከሲሚንቶው ተነቅሎ መወዛወዝ ሲጀምር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ ማመልከቻዬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው፣ «ተመዝግቧል» ብለው በክብር አሰናብተውኛል። ብረቱም ሦስት ቁጥር ከተሰጠው በኋላ መወዛወዙን ቀጠለ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለደንበኛ የማደርሰውን መጋረጃ በግራ ክንዴ ታቅፌ፣ በቀኝ እጄ መደገፊያውን ይዤ ስወርድ፣ ሦስት ጊዜ የተመዘገበው ብረት እኔንም ይዞኝ ወረደ። ዘጠኝ ደረጃ ነው። የእጄ አንጓ ሦስት ቦታ ተሰበረ፤ የአውራ ጣቴም ጅማት ተበጠሰ። አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ድምፄን ሰምተው ወረዱና እጄን በዚያው በመጋረጃው አስረው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ሦስት ሳምንት የተለፋበት መጋረጃ አንድ መስኮት እንኳ ሳይሸፍን ቀረ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥየቃዎ። በወደቅሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ሐኪም ቤት ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል፤ ይህን የሚያደርግ ሹም ስንት ነው። ብርቱካን በአንድ እጅ እንደማይላጥ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ለዚህም ትምህርት አመሰግናለሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እህቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች፣ እንዲህ አሉኝ፦ «እትዬ፣ ምንም አያስቡ። መካሰስ ለማይተዋወቅ ሰው ነው። እኛ እንደ ቤተሰብ እንጨርሰዋለን።» እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔም፣ አልደብቅዎትም፣ ሆዴ ባባ።

የጠየቅሁዎ ሦስት ነገር ነበር። መደገፊያው እንዲሠራ፣ የአውራ ጣቴ ጅማት እንዲጠገን ለቀዶ ጥገናው ጽሕፈት ቤቱ እንዲከፍል፣ ጥፋቱም የእኔ እንዳልነበረ በአንዲት ወረቀት እንዲጻፍልኝ። ሦስተኛዋን የፈለግኋት በሰፈሩ «ዞሮባት ነው የወደቀችው፣ ዓይኗም ደክሟል» የሚል ወሬ ተነሥቶ ደንበኞቼ ጨርቃቸውን መውሰድ ስለጀመሩ ነው። ዓይኗ ደክሟል ከተባለች ልብስ ሰፊ ጋር ጨርቁን የሚተው ሰው የለም። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ሦስቱንም «ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባል» ብለው ተቀበሉልኝ። ሐኪሙ ጅማቱ በስድስት ወር ውስጥ ካልተሰፋ ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ ቢነካም አይመለስም ብለው ነበር፤ ይህንንም ነግሬዎት «ስድስት ወር እኮ ብዙ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ አጣሪ ኮሚቴው። አንዲት አውራ ጣት አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ይቋቋምላታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ተላለፈ። ሁለተኛው ሰብሳቢው ኖረው ጸሐፊው ስላልነበሩ ተላለፈ። በአምስተኛው ወር ኮሚቴው በሙሉ ቁጥሩ ደረጃውን ለማየት መጣ፤ እኔም እጄ በፋሻ ታስሮ ቆሜ አስጎበኘሁ። ከአባላቱ አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ማስታወሻ ሊጽፉ ጎረቤቶች መልሰው በሽቦ ወዳሰሩት መደገፊያ ዘንበል ቢሉ ብረቱ አብሯቸው ዘንበል አለ፤ ሹፌሩ ከኋላ ቀበቷቸውን ባይዙ ኖሮ ኮሚቴው በአራት ሰው ይቀር ነበር። ሁላችንም ደነገጥን። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ደስ አለኝ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል ብዬ። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰኝ ቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈው «መደገፊያው በከፊል የሚደግፍ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ስድስቱ ወር አልፎ፣ ጅማቴም ሐኪሙ እንዳሉት ተኮማትሮ ነበር። ለካ ጅማትም የራሱ ይርጋ አለው፤ ልዩነቱ እሱ አስቀድሞ በሐኪም አፍ መናገሩ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ማስረጃ ጥንቃቄዎ። ኮሚቴው ከጉብኝቱ በኋላ፣ አደጋ ደርሶበታል የተባለው ቀኝ እጅ ከአደጋው በፊት በሥራ ላይ የነበረ እጅ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዳቀርብ በደብዳቤ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀኝ እጄ ቀኝ እጄ መሆኑን የሚመሰክርልኝ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ፣ ሦስት ደንበኞቼን ይዤ ቀረብኩ። አንደኛዋ ነርስ ነበረችና «እኔ እኮ በቀኝ እጇ ስትቆርጥ ነው የማውቃት፤ በግራዋማ ብትቆርጠው ኖሮ ይህ ቀሚስ ይህን ይመስላል?» ብላ ቆማ ዞር ዞር አለች። ጸሐፊው «ምስክሯ ዞረዋል» ብለው መዘገቡ። በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ ከጽሕፈት ቤትዎም የደረሰኝ ደብዳቤ ሰባት ደረሰ፤ ሁሉም «ጉዳይዎ በመታየት ላይ መሆኑን እንገልጻለን» በሚል ያበቃ ነበር። ጉዳዬ ይህን ያህል ጊዜ መታየቱ አኩርቶኛል።

አምስተኛውን በጥቂቱ አረዝመዋለሁ፤ የደብዳቤዬ ምክንያት እርሱ ነውና።

በሃያ ሁለተኛው ወር ሹፌሩ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። በዚህ መደገፊያ አጠገብ ቆሞ ማውራት የለመድነው ግድግዳውን ተደግፈን ነው። «እህቴ፣» አሉኝ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ስንት የግጭት ክስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጉዳት ክሱ ሁለት ዓመት ነው። ካለፈ አለቀ፤ እውነትሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ዛሬውኑ ክሰሺ።»

«ሰውየው ቃል ገብቶልኛል እኮ፤ አሁን ብከሰው ምን ይለኛል?» አልኳቸው።

«ቃል ከገባ በጽሑፍ ይስጥሽ» አሉና ወጡ።

በማግሥቱ ቢሮዎ መጣሁ። ከመቀመጫዎ ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ በራስዎ እጅ ወንበር ሳቡልኝ። እያፈርኩ፣ እየተቅለሰለስኩ፣ ይርጋ የሚባል የክስ ጊዜ ገደብ እንዳለ ሰማሁ፣ ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቷል፣ ጊዜው አልፎ መብቴን እንዳላጣ አንዲት ወረቀት ቢጽፉልኝ አልኩ። ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ያመንኩት። «እትዬ፣ ይርጋ እኮ ለባዕድ ነው። እኔና እርስዎ መሃል ምን ይርጋ አለ? እንዲያውም ኮሚቴው ጨርሷል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አሉና የቀን መቁጠሪያዎን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ቀጠሮ ሰጡኝ። እኔም ወረቀቱን ደግሜ ብጠይቅ ውለታዎን ያረከስኩ መስሎኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ቀኑን ግድግዳዬ ላይ ካለው መቁጠሪያ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። አላስተያየሁም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሁለቴ ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ የማላውቅ ሴት፣ ይህን አንዱን ሳልለካ ቆረጥኩት።

በቀጠሮው ቀን መጣሁ። እርስዎ ለመስክ ሥራ ወጥተው ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን የታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ። ሦስት መስመር ነው። «ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ በሕግ የተወሰነው የሁለት ዓመት ጊዜ ያለፈበት በመሆኑ ጽሕፈት ቤታችን ሊያስተናግደው የማይችል መሆኑን እንገልጻለን።» ከላይ የተጻፈውን ቀን አየሁ። ከወደቅሁ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን። ቀጠሮዬ ደግሞ በሁለት ዓመት ከስድስተኛው ቀን ላይ ነበር። ደብዳቤው አምስት ቀን ሙሉ በመሳቢያ ተቀምጦ እንደ ጨዋ ሰው ቀጠሮውን ጠብቋል። በአስተዳደርዎ ሥር በሰዓቱ የተፈጸመ ሥራ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና እንኳን ደስ ያለዎ።

ስድስተኛ፤ ስለ ስልክዎ። እንዲያም ሆኖ ክስ መሠረትኩ። እርስዎ ችሎት አልቀረቡም፤ የላኩት ወጣቷን ነገረፈጅ ነው። ቆማ፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሣ፣ ሌላ ነገር ከመታየቱ በፊት ክሱ በይርጋ የታገደ ስለሆነ ይዘጋልን የሚል መቃወሚያ አነበበች። ዳኛው በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነቱን ያመነበት ጽሑፍ አለዎት ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ቢኖር ጊዜው እንደገና ከዚያ ቀን ይቆጠር ነበር አሉ። ከእርስዎ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሁሉ አቀረብኩ፤ አሥራ አንድ ሆነው ነበር። ዳኛው አሥራ አንዱንም አነበቡ። በአሥራ አንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት «አዎ» የሚል ቃል አልተገኘችም። ደብዳቤ አርቃቂዎ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እኔ ግን በዚያ ጥንቃቄ የተሰፋ ልብስ አይቼ አላውቅም፣ ስፌቱ አንድም ቦታ አይታይም።

ከዚያ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ አሉኝ፦ «እማማ፣ ይርጋን እኔ በራሴ አንሥቼ ክስ መዝጋት አልችልም፤ ሕጉ ይከለክለኛል። ተከሳሹ ካላነሣው ጉዳይዎን አይቼ እፈርድ ነበር። ካነሣው ግን ልዘለው አልችልም።» ወደ ነገረፈጅዋም ዞረው፣ ጽሕፈት ቤቱ በዚህ መቃወሚያ ይጸናል ወይ ብለው ጠየቁ። እሷም አለቃዋን በስልክ ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ ጠይቃ ወጣች።

ክቡር ሆይ፣ እነዚያን አሥር ደቂቃዎች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገርዎ። ተስፋ አደረግሁ። ብርቱካኑን አስታወስኩ፣ ወንበሩን አስታወስኩ፣ «አይ፣ ይሄ ሰው እንደ ቤተሰብ ያለኝ ነው፤ ‹ተዪው፣ ይርጋውን ጣዪው› ይላታል» ብዬ ለእህቴ በሹክሹክታ ነገርኳት። እህቴ እጄን ያዘች፤ የታመመውን መሆኑን ዘንግታ። ነገረፈጅዋ ስትመለስ አሥሩ ደቂቃ አልሞላም ነበር። «በመቃወሚያው እንጸናለን» አለች። መዝገቡ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ነገረፈጅዋ ተከትላኝ መጣች። የካባዋ ጠርዝ ተተርትሮ መሬት ይጎተት ነበር፤ ይህን ሳይ ዝም ማለት አልችልም፣ የሙያ በሽታ ነው። ቁሚ አልኳትና ከደረቴ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅዬ በግራ እጄ ያዝኩላት፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ እሷም ሳትነቃነቅ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ። ሥራዬ ነው» አለች። «አውቃለሁ። አንቺን አልተቀየምኩም» አልኳት። እውነቴን ነው። እርስዎ እንዳይቆጧትም አደራ፤ ከእርስዎ ወገን በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ የወጣው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሕጉንም አልተቀየምኩም። ዳኛው ከመነሣታቸው በፊት ይርጋ ለምን እንደተደነገገ በአጭሩ አስረድተውኛል። ሰው ይረሳል፣ ምስክር ይሞታል፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ደግሞም ማንም ሰው አንድ ቀን እከሰስ ይሆን እያለ ዕድሜ ልኩን ሲሳቀቅ ሊኖር አይገባም አሉ። ትክክል ነው። እኔም የዛሬ ሃያ ዓመት ያጠበብኩት ቀሚስ ዛሬ ተነሥቶ ቢከሰኝ አልወድም። በእኔ ጉዳይ ግን የረሳ ሰው አልነበረም፤ ምስክሮቼ ሁሉ በሕይወት አሉ፤ ወረቀቱ አሥራ አንድ ነው፤ ብረቱም በቦታው ሆኖ ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ በየቀኑ ይመሰክር ነበር። ሲሳቀቅ የኖረም ቢኖር የአምስት ፎቅ ተከራይ ነው።

ይህ ካለቀ በኋላ ያደረግሁትን በተመለከተ፣ ከሌሎች በወሬ ከሚሰሙት ራሴው ብነግርዎ ይሻላል።

ሥራ የለመደ ሰው ቤት መቀመጥ ያመዋል። ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ያለው አረንጓዴ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለምን እንደምሄድ እኔም አላውቅም ነበር፤ ምናልባት ለሁለት ዓመት ስለለመድኩት ይሆናል። በሦስተኛው ቀን አንድ ዳቦ ጋጋሪ አጠገቤ ተቀመጠ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች የውኃ መስመር ሲቆፍሩ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆበት፣ ምድጃው ሥራ ካቆመ ከረመ።

«መቼ ነው የተሰነጠቀው?» አልኩት።

«ሃያ ሦስት ወር ሆነው። ግን ግድ የለም፣ ሥራ አስኪያጁ እንደ ቤተሰብ እንጨርሰዋለን ብለውኛል።»

«የተቀጠርከው ለመቼ ነው?»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ጣቴን እያጠፍኩ፣ የሚታጠፉትን ማለቴ ነው፣ ቆጠርኩ። ሁለት ዓመቱ ከሞላ በኋላ በአምስተኛው ቀን ላይ ይውላል። የእኔን ፖስታ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ፤ ቀኖቹን አየ፤ የራሱን ወረቀት አየ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገና «ፍርድ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ። አብረን ሄድን። ጊዜው ሊያልፍ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ክሱ ተከፈተ። እርስዎም የሚያነሡት ይርጋ ስላልነበረ፣ ጉዳዩ በሁለተኛው ቀጠሮ በስምምነት አልቆ ግድግዳው ተሠራለት። ያን ያህል ፈጣን መሆን እንደሚችሉ ባለማወቄ ለሁለት ዓመት አምቼዎታለሁ፤ ይቅርታ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ። ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? በጽሑፍ ያመኑልህ ነገር አለ? የተቀጠርሽው ለመቼ ነው? ሌላ ምክር የለኝም፤ ሕግ አልተማርኩም፤ የተማርኩት ቀን መቁጠር ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ሰው ከአግዳሚው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሁሉም በጊዜያቸው።

በስድስተኛው ሳምንት በግድግዳው ላይ «ጉዳይ የሌለው ሰው መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘበኛው ጎንበስ ብለው፣ እያፈሩ፣ «እትዬ፣ ታዝዘን ነው። ጉዳይ አለዎት?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ጉዳዬን በይርጋ ዘግተውታል። ስለዚህ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ገባሁና የደረጃው መደገፊያ እንዲጠገን አዲስ ማመልከቻ አስገባሁ። ቁጥር ተሰጠኝ፣ ማኅተም ተመታልኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ለዘበኛው ቁጥሩን አሳየኋቸው። «አሁን አለኝ» አልኳቸው። ዘበኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሁለት ባለሙያዎች የብየዳ መሣሪያና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘው መጡና ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰውን ሥራ በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረሱት። አረንጓዴ ቀለም እንኳ ቀቡት። ሹፌሩ ወርደው በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት፤ አልነቃነቅ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆሙ። እኔ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁና በግራ እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር እኮ።

በማግሥቱ ዘበኛው ጉዳይዎ ስለተፈጸመ እንዲነሡ ተብሏል አሉኝ። በሁለተኛው ፎቅ የተቃጠለውን አምፖል አመለከትኩ። አምፖሉ በቀጣዩ ቀን ተቀየረ። የግቢውን የቆሻሻ ማፍሰሻ አመለከትኩ፤ በሦስት ቀን ተጠገነ። የጣሪያውን ውኃ መውረጃ አመለከትኩ፤ ሳምንት አልፈጀም። አሁን ጎረቤቶቼ ቧንቧ ሲያፈስባቸው ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቱን ትተው፣ እኔ ሄጄ እንድቀመጥላቸው ይለምኑኛል። ይህን ሁሉ ያደረጉት እኔን ከአግዳሚው ለማስነሣት እንደሆነ የሚያሙዎ አሉ፤ እኔ ግን በሰው ልብ ያለውን ስለማላውቅ በፍጥነትዎ ብቻ አመሰግናለሁ።

ስለ እጄ ከጠየቁ፣ አልጠየቁም እንጂ፣ አውራ ጣቴ እንደተኮማተረ ቀርቷል። መቀስ አልይዝም። ግራ እጄ ቁልፍ መትከል ለምዷል፤ የቁልፍ ቀዳዳ መጥለፍ ገና ይቀረዋል። የምትቆርጥልኝ እህቴ ናት፤ እኔ በጠመኔ አሰምርላታለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን። ደንበኞቼ ከፊሉ ተመልሰዋል። «ዓይኗ ደክሟል» ያሉት ሰዎች ግን እስካሁን አልተመለሱም፤ የሚመልሳቸው ያቺ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም የምትለው ወረቀት ነበረች። ስለሆነም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ የምጠይቅዎ ገንዘብ አይደለም፤ ቀዶ ጥገናም አይደለም፤ የእርሱ ጊዜ በሐኪሙም በዳኛውም አልፏል። ያቺን አንዲት ወረቀት ነው። ነገረፈጅዎን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ጊዜው ያለፈበትን ጥያቄ ተከሳሽ በገዛ ፈቃዱ ቢያሟላ የሚከለክለው ሕግ የለም። ይርጋ የእኔን አፍ እንጂ የእርስዎን እጅ አላሰረም፤ እጅዎ ደግሞ፣ ሲፈርሙ እንዳየሁት፣ ሙሉ ጤነኛ ነው።

ለሚወስዱት ጊዜ ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ለሰጡኝ ቀጠሮዎች፣ ለጻፉልኝ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች፣ በተለይም ለዚያች አሥር ደቂቃ ላልሞላች የስልክ ንግግር ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ሳይጎድሉ ረጅም ዘመን እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣ በቢሮዎ በር በኩል ሲያልፉ ከአግዳሚው ብድግ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለአጣሪ ኮሚቴው አምስቱም አባላት፤ ወፍራሙ አባል በሕይወት በመኖራቸው የተሰማኝን ደስታ ጭምር
ለመዝገብ ቤቱ፤ ለመመዝገብ ብቻ
በአረንጓዴው አግዳሚ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ስምዎን አጉድፏል ብለው ሊከሱኝ ካሰቡ፣ ለዚህም ያለዎ ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑን አጣርቼልዎታለሁ፤ ጋዜጣው ከወጣበት ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል። ማንም መጥቶ «እንደ ቤተሰብ እንጨርሰዋለን» ቢልዎ እንዳይሰሙት፣ ቀጠሮ ቢሰጥዎም ከመቁጠሪያ ጋር እንዲያስተያዩ እመክራለሁ። ምናልባት በሥራ ብዛት ጊዜው ቢያልፍብዎም አይስጉ፤ ካለፈም በኋላ መጥተው ይክሰሱኝ። ዳኛው ሲጠይቁኝ፣ አሥር ደቂቃም ሳልወስድ፣ ለማንም ሳልደውል፣ ይርጋ አላነሣም እላለሁ።